ካውቦይ የተጋነነበት፣ ጭፍጨፋ የተድበሰበሰበት

ዴንቨር ውስጥ ታክሲ የሚነዳ ሰው ሳይወድ በግዱ የካውቦይ ታሪክ አስጎብኚ ይሆናል። ዛሬም ከኤርፖርት የጫንኳቸው ባልና ሚስት ሻንጣቸውን ሆቴል እንኳ ሳያሳርፉ ሎክአውት ተራራ ውሰደን አሉኝ፤ የዝነኛውን የካውቦይ ትርኢት አሳዪ የቡፋሎ ቢልን መቃብር ሊያዩ። ሰውየው መንገዱን ሙሉ ስለ ተኳሾች ሲያወራ እኔ የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ትዝ አለኝ። «አክተሩ አይሞትም» እየተባባልን የምናየው ሁሉ የእውነት ታሪክ ይመስለን ነበር።

እዚህ ኖሬ ሳነብ ያገኘሁት ሌላ ነው። ያ ስመ ጥሩ፣ ኦኬ ኮራል በሚባል የፈረስ በረት ስም የሚጠራው ተኩስ፣ ኦክቶበር 26 ቀን 1881 አሪዞና፣ ቱምስቶን ከተማ የተደረገው፣ ከ30 ሴኮንድ ብዙም አላለፈም። ሦስት ሰው ሞተ። ቦታውም በረቱ ውስጥ ሳይሆን ከአንድ ፎቶ ቤት አጠገብ ያለ ጠባብ ባዶ ቦታ ነበር። ከሁሉ የገረመኝ ግን የዚያ ዕለቱ ሰበብ ነው፦ ከተማ ውስጥ መሣሪያ ይዞ መዞር በከተማው ሕግ የተከለከለ ስለነበረ፣ የፖሊስ አዛዡ ቨርጂል ኧርፕ ከነወንድሞቹ መሣሪያ የያዙ ካውቦዮችን ትጥቅ ሊያስፈታ ሄደ። ሌላዋ የካውቦይ ከተማ፣ የካንሳሷ ዶጅ ሲቲም እንደዚያው ክልክል ነበር። ሁሉም እንዳሻው የሚታኮስበት የተባለው አገር ከተሞቹ በር ላይ «ሽጉጥህን አስረክብ» ይል ነበር ማለት ነው!

ቡፋሎ ቢል፣ ማለትም ዊልያም ኮዲ፣ ደግሞ ለብቻው ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 ክረምት ለጦሩ መንገድ መሪና ቃኚ ሆኖ ነብራስካ ሄደ። ከዚያ በፊት ቲያትር ይሠራ ስለነበር፣ ውጊያ የገባው የመድረክ ልብሱን፣ ጥቁር ከፋይ ለብሶ ነው። «ቢጫ ፀጉር» የሚባለውን፣ ሻየን ከተባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆነውን ተዋጊ ገድሎ የራስ ቆዳውን ገፈፈ። ወዲያው ወደ መድረክ ተመልሶ ያንኑ ግድያ በትኬት ያሳይ ጀመር። እኛም አገር ገዳይ ይፎክራል፣ ግን አብሮ የዘመተ ሰው እየሰማው ነውና ልኩን ያውቃል። ኮዲን የሚሰማው ኒውዮርክና ለንደን ተቀምጦ ሜዳውን አይቶ የማያውቅ ሰው ነበር። በ1883 ትልቁን ትርኢቱን ጀመረ፤ በ1887 ንግሥት ቪክቶሪያ ሳትቀር አየችው።

ማጋነኑ የነጭ ብቻም አይደለም። ከባርነት የወጣው ጥቁሩ ካውቦይ ናት ላቭ ሰውነቴ ላይ 14 የጥይት ጠባሳ አለ ብሎ ጽፏል። ብሎ ይሁን፤ ማን ከለከለው! ከካውቦይነት በኋላ ከዚሁ ከዴንቨር በሚነሳ ባቡር ላይ አስተናጋጅ ሆኖ ሠርቷል፣ እኔ የምወደው እሱን ነው። ፖል ስቱዋርት የሚባል የዴንቨር ፀጉር አስተካካይም ልጅ ሳለ «ጥቁር ካውቦይ የለም» ተብሎ ስለነበር፣ ደንበኞቹ የሚያወሩትንና የሚያመጡለትን እያጠራቀመ ሙዚየም አቋቁሟል።

እነዚህ ውሸቶች ያስቁኛል እንጂ አያናድዱኝም። የሚያናድደኝ ያሳነሱት ነው። ኖቬምበር 29 ቀን 1864 ኮሎኔል ቺቪንግተን፣ ቀድሞ ሰባኪ የነበረ ሰው፣ እዚሁ ኮሎራዶ ሳንድ ክሪክ ላይ በሰላም የሰፈሩ የሻየንና የአራፓሆ ነባር ሕዝቦችን አስጨፈጨፈ። አለቃቸው ብላክ ኬትል የአሜሪካን ባንዲራ ሰቅሎ ነበር። 230 ያህል ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ናቸው። ወታደሮቹ ከሬሳ የቆረጡትን ይዘው ዴንቨር ሲገቡ እንደ ጀግና ተጨበጨበላቸው። የ30 ሴኮንዱን ጠብ ገድል ያደረገ አገር፣ ይህን የሰዓታት ጭፍጨፋ «ውጊያ» ብሎ በ1909 ስቴት ምክር ቤቱ ፊት ባቆመው ሐውልት ላይ ከጦርነቶች ተርታ ጻፈው።

እዚያው የነበረው ሻምበል ሳይላስ ሶል ግን በሥሩ ያሉትን ወታደሮች «አትተኩሱ» ብሎ አቆመ። ቀጥሎም አጣሪዎች ፊት ቀርቦ ያየውን መሰከረ። ብዙም ሳይቆይ፣ ኤፕሪል 1865፣ በተጋባ ወር ሳይሞላው ዴንቨር መንገድ ላይ ተተኩሶ ተገደለ። ገዳዩ ሳይፈረድበት ቀረ።

የሟቾቹ ዘሮች በየኅዳሩ ከሳንድ ክሪክ ተነስተው እየተቀባበሉ ወደ ዴንቨር ይሮጣሉ፤ ሪቨርሳይድ ያለው የሶል መቃብር ላይም ቆመው ያስቡታል። ዘንድሮ ያን ጠዋት ሥራ አልገባም፤ ልጄንም ይዤው እሄዳለሁ።