ብብት ውስጥ የገባው ቢዝነስ ካርዴ

ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ጥርሴን ስፍቅ ትዝ ይለኛል፤ ጋደም ስል ትዝ ይለኛል። ብቻዬን «ኡፍ!» እልና ፊቴን በትራስ እሸፍናለሁ።

የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ የድርጅቶችን መዝገብ እይዛለሁ። ሥራዬን ስናገር የሰው ዐይን ወደ በሩ መሄድ ይጀምራል። ታዲያ ቢያንስ ካርዴ ፈገግ ያሰኝልኝ ብዬ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ዲዛይነሩ ልጅ አንድ ድፍን ጥቁር ካርድ አውጥቶ «ብራዘር፣ እስቲ ያዘው» አለኝ። ያዝኩት። ከአውራ ጣቴ ሥር ጥቁሩ ቀስ እያለ ገለል አለና ጽሑፍ ብቅ አለ። በሙቀት የሚጠፋ ቀለም ነው ለካ። በዐይን የማይታዩ እንክብሎች ውስጥ ነው ያለው፤ ወደ 31 ዲግሪ ሲደርስ ውስጡ ያለው ሰም መሰል ነገር ይቀልጥና ጥቁረቱ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። «ደንበኛው በገዛ እጁ ሲገልጠው መቼም አይረሳህም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልረሱኝም።

ልብ ያላልኩት ነገር ቢኖር፣ ይህን ሁሉ ተአምር ያየሁት ላሚኔሽን ማሽኑ አጠገብ ቆሜ፣ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ መሆኑን ነው። እዚያ ቦታ እንኳን ቀለም፣ ሰውም ይቀልጣል።

1000 አሳተምኩ። ከዚያ በታች አናትምም ስላሉኝ።

ካርዱን ይዤ ሒሳቡን እንዲሰጠኝ ወደምፈልገው አንድ ድርጅት ስብሰባ ሄድኩ። የስብሰባው ክፍል ኤሲ አጥንት ይሰብራል። እኔ ደግሞ ሲጨንቀኝ እጄ በረዶ ነው የሚሆነው። ሥራ አስኪያጇ ካርዱን ተቀብለው አገላበጡት። ፊቱም ጥቁር፣ ጀርባውም ጥቁር።

«ምንም የለውም እኮ» አሉ።

«ያዝ ያድርጉት፣ ይወጣል» አልኩ እንደ ጠንቋይ።

ያዙት። አልወጣም። አሹት። አልወጣም። «ትንሽ... ቢተነፍሱበት» አልኩ። አዎ፣ ገና ስማቸውን እንኳ በቅጡ ላልያዝኩት ሴትዮ! ተነፈሱበት። የስሜ የመጨረሻ ፊደል ብቅ ብላ ዓለምን አየችና ተመልሳ ገባች። አንዱ «ኪውአር ኮድ ካለው በስልክ ላንሳው» አለ። ኪውአር ኮድ እስከ 30 በመቶ ቢበላሽም ሊነበብ ይችላል ተብዬ ነበር። የኔው የጠፋው 100 በመቶ ነው።

ካርዱ ጠረጴዛውን ይዞር ጀመር። ሰባት ሰው ተራ በተራ ተነፈሰበት። በመጨረሻ የፋይናንስ ኃላፊው፣ ሽበታቸው ያማረ አዛውንት፣ «ወዲህ በለው ልጄ» አሉና ኮታቸውን ከፈት አድርገው ካርዴን ብብታቸው ውስጥ ሻጥ አደረጉት። ክንዳቸውን ግጥም አድርገው «አንተ ቀጥል» አሉኝ።

ቀጠልኩ። ስለ ደረሰኝ አያያዝ እያወራሁ ዐይኔ ብብታቸው ላይ ነው። ስለ ግብር እየተናገርኩ ብብታቸው ላይ ነው። ሰውዬው እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ጸጥ ብለዋል። ማስታወሻ የሚይዙት በአንድ እጅ ነው፤ ወረቀቱ ሲንሸራተት ጎረቤታቸው ይይዝላቸዋል። አንዴ ሊያስነጥሳቸው ሲል ክፍሉ በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ። በውስጤ ሒሳብ እሠራለሁ፦ ብብት ወደ 36 ዲግሪ፣ ቀለሙ 31፣ ትርፍ 5 ዲግሪ። እንዳልከስር እርግጠኛ ነበርኩ። የስንት ዓመት የሙያ ስሜ በሰው ብብት ውስጥ እየተፈለፈለ፣ እኔ ስለ ተሰብሳቢ ሒሳብ አስረዳለሁ።

ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ (ግድግዳው ላይ ሰዓት ነበር) «ደረሰ!» ብለው አወጡት። ስሜ፣ ስልኬ፣ ሁሉም ፍንትው ብሏል። ተጨበጨበ። ሥራ አስኪያጇ እስክሪብቶ ፈልገው ስልኩን መገልበጥ ጀመሩ። አምስተኛው አሃዝ ላይ ጨለመ።

ዝም ተባለ። ከዚያ አዛውንቱ ኮታቸውን እየቆለፉ፣ «ለመሆኑ ሒሳባችንም ኦዲተር ሲመጣ እንዲህ ነው የሚጠፋው?» አሉ።

ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ማተሚያ ቤቱን ላፋጥጥ ሄድኩ። «ፕሩፉ ላይ ፈርመሃል» አሉኝ፤ ከመታተሙ በፊት አይተህ አጽድቅ ብለው የሚልኩትን ናሙና ማለታቸው ነው። ፕሩፉ ፒዲኤፍ ነው! ፒዲኤፍ ይበርደዋል እንዴ? ይሄ የፕሩፍ ፊርማ የሚሉት ነገር እኮ አቃጥሎኛል። ባለፈው ስክሪን ላይ ደማቅ ሰማያዊ የነበረው ብሮሹሬ ታትሞ ሲመጣ ወይን ጠጅ ሆነ። «ስክሪን በብርሃን ነው የሚያሳይህ፣ እኛ በአራት ቀለም ነው የምናትመው፣ ፈርመሃል» አሉ። ቤቱ በእሳት ቢጋይ እንኳ ፊርማዬን ፈልገው የሚያሳዩኝ ይመስለኛል። ልወጣ ስል ደግሞ ልጁ ከኋላዬ «ብራዘር፣ ፀሐይ ላይ እንዳታቆየው፣ ቀለሙ ይሞታል» አለኝ። ብርድ አይችል፣ ፀሐይ አይችል። ካርድ ነው ወይስ አራስ?

ትናንት ከሥራ አስኪያጇ ኢሜይል ደረሰኝ። ልቤ ዘለለ። ስለ ሒሳቡ አንድም ቃል የለም። «ካርድህን ሁላችንም በጣም ወደነዋል፤ ለእኛም ማሠራት አስበናል። ያተመልህን ቤት ስልክ ብትልክልን?» ይላል።

መሳቢያዬን በረበርኩና የማተሚያ ቤቱን ካርድ አገኘሁት። ነጭ ወረቀት፣ ጥቁር ጽሑፍ። ስልካቸው ከሩቅ ይነበባል።