አንባቢ ራሱ የሚያጣምራቸው ጥንዶች

ዛሬ አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ታናሽ እህቴ አድናቂዎች በሚወዷቸው ገጸ ባሕርያት ላይ ተመሥርተው ከሚጽፏቸው ድርሰቶች አንዱን በስልኳ ስታነብ አገኘኋት። ሁለት ባላንጣዎች ዝናብ አስገድዷቸው በአንድ ጃንጥላ ሥር የቆሙበትን አንቀጽ ደጋግማ ታነባለች። ሁልጊዜ በጠላትነት የሚጀምሩ ጥንዶችን ለምን እንደምትመርጥ ስጠይቃት፣ «እታለም፣ እነዚህ እኮ አንዳቸው የሌላውን ክፉ ጎን አስቀድመው ስለሚያውቁት፣ በኋላ ሲዋደዱ ፍቅራቸው ያሳምነኛል» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እኔን ግን ከጠላትነቱ ይበልጥ የሚገርመኝ፣ አንባቢ ደራሲው ሳይናገር የተወውን ስሜት ፈልጎ የሚያገኝበት ትጋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 መታየት በጀመረው «ስታር ትሬክ» የተሰኘ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ የጠፈር መርከብ አዛዡ ከርክና ምክትሉ ስፖክ የልብ ጓደኛሞች እንጂ ፍቅረኞች አልነበሩም፤ በ1970ዎቹ ግን አድናቂዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ አንዱ ለሌላው ሲል ራሱን ለአደጋ የሚያጋልጥባቸውን ትዕይንቶች መነሻ አድርገው፣ ራሳቸው እያባዙ በሚያሰራጯቸው መጽሔቶች የሁለቱን የፍቅር ታሪክ ጻፉ።