ኬፕ ሆርን ላይ የቆረጥኩት ካርታ

የምሠራው አሜሪካ ውስጥ የግድግዳ ካርታና የትምህርት ቤት ፖስተር የሚያትም ቤት ነው፣ ዲዛይን ክፍል። አንድ ጊዜ ቦነስ አይረስ ላለ ትምህርት ቤት የአርጀንቲና ካርታ ታዘዘና እኔም እንደ ሁሌው ያለንን ፋይል ከፍቼ ታች የደቡብ አሜሪካ ጫፍ የሆነችው ኬፕ ሆርን ላይ ቆረጥኩት፣ አንታርክቲካን በትንሽ ሳጥን ጥግ ላይ ለጠፍኩና ላክሁት።

በማግስቱ ክላየንቷ "ይሄን ክፍል ውስጥ መስቀል አንችልም፣ ሕግ አለብን" ብላ መለሰችው። በጣም ነው የተናደድኩት። ሕግ እንዴት የካርታ አቆራረጥ ውስጥ ይገባል ብዬ አለቃዬ ጋ ሄድኩ፣ እሱ ግን "መጀመሪያ አንብበህ ና" አለኝ።

ሳነበው እውነትም በፈረንጆቹ 2010 የወጣ ሕግ ቁጥር 26.651 የሚባል አለ፣ ትምህርት ቤቶች ደቡብ አሜሪካ ያለውን መሬታቸውንና አንታርክቲካ ላይ ይገባናል የሚሉትን በእኩል ስኬል የሚያሳይ ካርታ እንዲጠቀሙ ያስገድዳል። ለምን እንደዛ እንደፈለጉ የገባኝ ግን እጄ ላይ ሠርቼ ሳየው ነው። ሳጥን ውስጥ ስትሆን አንታርክቲካ ተቀጥላ ነው የምትመስለው፣ በእኩል ስኬል ስትወጣ ግን ያ ወደ 965 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን በረዶ ወደ ታች ይዘረጋና የሀገሩ ጫፍ የነበረችው ቲዬራ ዴል ፉዌጎ መሃል ላይ ቁጭ ትላለች። በየቀኑ ይሄን እያየ ያደገ ልጅ ነገ ያ በረዶ ያንተ አይደለም ቢሉት እንዴት አድርጎ ያምናል?

አርጀንቲና የኔ ነው የምትለውን፣ ከ25 እስከ 74 ዲግሪ ምዕራብ፣ ከ60 ዲግሪ ደቡብ እስከ ዋልታው ድረስ፣ ድፎ ዳቦ ከመሃል ተነስቶ እንደሚቆረሰው አድርጌ እያሰመርኩ ሳለ ማሽን ላይ የሚሠራ ቺሊያዊ ባልደረባዬ ከኋላዬ መጥቶ ቆመና ከአንታርክቲካ ወደ ደቡብ አሜሪካ የምትዘረጋውን ባሕረ ገብ መሬት በጣቱ እያሳየ "ይሄ እኮ የኛ ነው" አለኝ። የቀልድ መስሎኝ ዞር ስል ፊቱ ላይ ቀልድ የለም። ቺሊ በ1940 ከ53 እስከ 90 ዲግሪ የኔ ነው ብላ ደንግጋለች፣ እሱም ያደገው ያንን ካርታ እያየ ነው። ብሪታንያ ደግሞ ከ20 እስከ 80 ስለምትል የአርጀንቲናን ጠቅላላ ትውጠዋለች።

የብሪታንያው ነገር ለኛ ሙያ ትልቅ ትምህርት ነው። በ1908 ባወጡት ሰነድ ከ50 ዲግሪ ደቡብ በታች በ20 እና በ80 መካከል ብለው ጻፉ፣ ቁጥሩን እንዳለ ካሰመራችሁት ግን የፓታጎንያ ደቡብና ቲዬራ ዴል ፉዌጎ ሁሉ ውስጥ ይገባሉ፣ ማለትም ሰው የሚኖርበት የአርጀንቲናና የቺሊ መሬት! በ1917 ነው ያስተካከሉት። አንድ ሰው ካርታ ዘርግቶ በእርሳስ ቢያሰምረው ኖሮ ወዲያው ይታይ ነበር።

የ1959ኙ የአንታርክቲካ ውል አንቀጽ 4 ውሉ እስካለ ድረስ የሚደረግ ምንም ነገር የማንንም የይገባኛል ጥያቄ አያጠናክርም አያፈርስም፣ አዲስም አይነሳም ይላል። ስለዚህ የኔ መስመር በሕግ ምንም አይጨምርም፣ ልጆቹ ጭንቅላት ውስጥ ግን ይጨምራል፣ እና ይሄ እንቅልፍ ነሳኝ። ካርታውን ሕጓ እንደሚለው ሠራሁላትና ጠርዙ ላይ ስለ ውሉ አንድ መስመር እንድጽፍ ለመንኳት፣ እሷም ደስ ብሏት ተቀበለች።

ከዛ ወዲህ ፋይላችን ላይ የእያንዳንዱ ሀገር ጥያቄ የራሱ ሌየር፣ ማለትም ለብቻው የሚበራና የሚጠፋ ንብርብር፣ አለው፣ ማን እንደጠየቀና መቼ እንደጠየቀ ስሙ ላይ ተጽፏል። መጀመሪያ ቀን ሦስቱንም በስስ ቀለም አንድ ላይ አውጥተን ሞከርነው፣ ከ53 እስከ 74 ያለው፣ ባሕረ ገብ መሬቷን አብዛኛዋን የያዘው፣ ቀለም በቀለም ላይ ተደራርቦ ጠቆረ፣ ማንም ያልጠየቀው ከ90 እስከ 150 ያለው ደግሞ ነጭ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ቺሊያዊው ጓደኛዬ ያቺን የሙከራ ወረቀት ወስዶ ማሽኑ አጠገብ ለጥፏታል።