የዓለምን መጨረሻ ስጽፍ

ለምናባዊ ልብ ወለዴ የዓለም ፍጻሜ ትንቢት ያስፈልገኝ ነበር። የመጀመሪያው ሙከራዬ ሁለት ገጽ ሞላ። ፀሐይ ትጨልማለች፣ ባሕር ይደርቃል፣ ተራራ እንደ ሰም ይቀልጣል። ለእህቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ግማሹ ላይ ስደርስ ስልኳን መነካካት ጀመረች። «እሺ፣ ዓለም ጠፋ። እስከዚያ ሰዎቹ ምን ሲያደርጉ ይኖራሉ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

አኩርፌ ጥቂት ቀን ተውኩት። ከዚያ የጥንት ስካንዲኔቪያውያን ራግናሮክ ስለሚሉት ፍጻሜ ማንበብ ያዝኩ። ግዙፉ ተኩላ ፌንሪር አለ። ምድርን የከበበ እባብ አለ። ያለ እረፍት የሚከታተሉ 3 ክረምቶች አሉ (የኛ የዝናቡ ሳይሆን የበረዶው)። እኔን ቀስፎ የያዘኝ ግን ጥፍር ነው። የአይስላንዱ ስኖሪ ስቱርሉሶን በ13ኛው ክፍለ ዘመን እንደጻፈው፣ ናግልፋር የምትባለው የጥፋት መርከብ የምትሠራው ከሙታን ጥፍር ነው። ጥፍሩ ሳይቆረጥ የሞተ ሰው ለመርከቧ ዕቃ አቀበለ ማለት ነው። እስቲ አስቡት፤ አንዲት ሴት የሞተ አባቷን ጥፍር ቁጭ ብላ እየከረከመች የዓለምን ዕድሜ ታራዝማለች።

ሁለቱን ገጽ ሰረዝኳቸው። አሁን ትንቢቴ አንድ መስመር ነው፦ አንድ ቤት እንኳ እሳቱን ሳያዳፍን ካደረ፣ ያች ሌሊት አትነጋም። ታሪኩ ከዚያ በኋላ ራሱ መጣ። ለዓመታት የተኳረፉ ጎረቤቶች ቃል ሳይተነፍሱ ፍም ይዋዋሳሉ። እናት ልጇን ከእንቅልፏ ቀስቅሳ «አዳፍነሻል?» ትላለች።

ሌላው ጥፋቴ ትንቢቱን እስከ መጨረሻው ምዕራፍ መደበቄ ነበር። አንባቢን ላስደነግጥ ብዬ! የራግናሮክ አማልክት አለቃ ኦዲን ግን ተኩላው እንደሚውጠው ቀድሞ ያውቃል፤ እያወቀ ጦረኛ ይሰበስባል። የነጎድጓዱ አምላክ ቶርም እባቡን ገድሎ 9 እርምጃ ይራመድና በመርዙ ይወድቃል። ይሄን አስቀድሜ አውቄም እርምጃዎቹን አብሬው ቆጠርኩ። ስለዚህ ትንቢቱን ወደ ምዕራፍ አንድ አመጣሁት። ግማሹን መጽሐፍ እንደ አዲስ መጻፍ ነበረብኝ፤ ወገቤ ይመስክር።

ከራግናሮክ በኋላ ምድር ለምልማ ከባሕር ትወጣለች። የተረፉት አማልክትም የድሮ የወርቅ መጫወቻዎቻቸውን ሳሩ ውስጥ ያገኛሉ። የኔዎቹ ምን እንደሚያገኙ ገና አልወሰንኩም። እህቴ የገበጣ ጠጠር ይሁን ትላለች፤ አንዷ የጎደለች።