ለስሜን የሚሆን ድንኳን፦ ከጎንደር ጭነን ስንወጣ

ከጎንደር የተነሳነው ጥምቀት አልፎ እንግዳው ከተበተነ በኋላ ነው። ሦስት ድንኳን ይዘናል፤ ሁለቱ ኪራይ፣ አንዱ የራሳችን። በዋዜማው ከሰዓት ሦስቱንም ሆቴሉ ግቢ ውስጥ ተክለን አየናቸው። ይህን ሳያደርግ የወጣ ሰው ጉድለቱን የሚያውቀው የስሜን ተራሮች ሰፈር በሆነው ሳንቃበር ላይ፣ በ3,250 ሜትር ከፍታ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው።

መጀመሪያ የሚቆጠረው ካስማ ነው። ለሁለት ሰው ድንኳን፣ ከነአውታሮቹ (ድንኳኑን ከሚወጥሩት ገመዶች ጋር)፣ 14 ያህል ይፈልጋል፤ አንደኛው የኪራይ ከረጢት ውስጥ 9 ብቻ ነበሩ፣ ሁለቱ እንደ መንጠቆ የተጣመሙ፤ የጎደለውን አሟላን። ቀጥሎ ዘንጎቹ። የፋይበርግላስ ዘንግ ርካሽ ነው፤ ሲሰበር ግን በቁመቱ ይሰነጠቅና እጅ የሚወጋ ስንጥር ይሆናል፣ መንገድ ላይም ለመጠገን ያስቸግራል። ለዚህ አገር ነፋስ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው አሉሚኒየም ይሻላል። እሱም ቢሆን ይሰበራል፤ በብዛት ከመጋጠሚያው ላይ። በውስጡ ያለው ላስቲክ ቁራጮቹን ራሱ ስለሚስባቸው ሰው ዘንጉን አራግፎ «ገጠመ» ይላል፤ አንዱ ቁራጭ ግን ግማሽ ጣት ያህል ሳይገባ ይቀራል። ዘንጉ ሲታጠፍ ሸክሙ በሙሉ በዚያች ቀጭን ከንፈር ላይ ያርፍና ይተረትራታል። እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጅ ገፍቶ ማስገባት ነው መድኃኒቱ። ለክፉ ቀን ከዘንጉ ጥቂት ሰፋ ያለች፣ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል የምትረዝም የአሉሚኒየም ቱቦ ይያዛል። ስብራቱ መሃሏ ላይ እንዲውል ታልፋለች፣ ሁለቱም ጫፍ በቴፕ ይጠመጠማል። ቱቦ ከሌለ ቀጥ ያለ ካስማ ስብራቱ ላይ እንደ ወጌሻ እንጨት ይታሰራል፤ አያምርም፣ ግን ያሳድራል።

ዚፑንም ሄድ መለስ እያደረግን ሞከርነው። መሳቢያው ካለፈ በኋላ ጥርሱ ከኋላ የሚከፈት ከሆነ ያረጀው ጥርሱ ሳይሆን መሳቢያው ነው። በፒንሳ ሁለቱን ጎኖቹን ቀስ አድርጎ ጠበብ ማድረግ ለጥቂት ሳምንት ያቆየዋል፤ ኃይል ከበዛ ግን ይሰነጠቃል። በመጨረሻ በሃይላንድ ውኃ ስፌቱ ላይ አፈሰስን። የስፌት ቴፑ የተላጠበት ቦታ ወዲያው ያንጠባጥባል። ሸራው በእጅ ሲነካ የሚያጣብቅና የሚሸት ከሆነ ደግሞ እርጥብ እንደሆነ ተጠቅልሎ ሙቀት ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው፤ ውኃ የሚከለክለው ቅብ አልቋል፣ የሚመለስ ነገር የለም።

ሻጮች የሚያወሩት ስለ ሚሊ ሜትር ነው፦ 1,500፣ 3,000፣ 5,000። ቁጥሩ ሸራው ሳያሳልፍ የሚሸከመው የውኃ ዓምድ ቁመት ነው። ለውጭው ሽፋን 1,500 ይበቃል፤ ወለሉ ግን ሰው በጉልበቱ ስለሚጫነው 3,000 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው በጋ ስሜን ላይ ድንኳን የሚጥለው ዝናብ ሳይሆን ነፋስ ነው። ስለዚህ ስለ ሚሊ ሜትር የሚከራከር ሰው ስለ አውታርና ስለ ዘንግ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስካውት (ጠባቂ)፣ ከዚያም በቅሎና ነጂ ተይዞ ይወጣል። በቅሎ ካለ አንድ ኪሎ መጨመሩ ስለማይጎዳ ለቅለት ሲባል ብዙ ብር ማውጣት አያስፈልግም። ከአንድ ኪሎ ተኩል በታች የሆነው ድንኳን ብዙውን ጊዜ ዘንጉ ቀጭን፣ ውስጡ መረብ ብቻ ነው፤ እዚህ አይሆንም። ከ2 እስከ 3 ኪሎ ያለው፣ ራሱን ችሎ የሚቆም፣ ዘንጎቹ ቢያንስ ሁለት ቦታ የሚተላለፉ፣ ሽፋኑ እስከ መሬት የሚወርድ፣ ውስጠኛው ደግሞ ከመረብ ይልቅ በጨርቅ የተሠራ ቢሆን ልክ ነው። በመረቡ በኩል የበጋው አቧራ ሌሊቱን ሙሉ ሲገባ ያድራል። ጭነት ላይ ዘንጎቹን ፍራሽ ውስጥ ጠቅልሎ በበቅሎዋ ጎን በቁመት ማሰር ነው፤ በአግድም ከሆኑ መጫኛው ሲጠብቅ ያጎብጣቸዋል። ሸራው በማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ይግባ፤ አስታው መሃል ሲያልፉ ቅርንጫፉ አይምርም።

ሳንቃበር ላይ የሚታየው የስፋት ነገር ነው። «ለሁለት ሰው» የሚባለው ድንኳን ብዙ ጊዜ 130 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ሁለት ፍራሽ 102 ይወስዳል፤ ጋቢ፣ ጫማና ቦርሳ በቀረው 28 ውስጥ ይደራረባል። ርዝመቱ ከ210 በታች ከሆነ ቁመታም ሰው የመኝታ ከረጢቱ ጫፍ ግድግዳውን ነክቶ ሲረጥብ ያድራል። እርጥበቱ የራሱ እስትንፋስ ነው። ብርዱን የፈራ ሁሉንም ቀዳዳ ዘግቶ ይተኛል፤ ትንፋሹ ሽፋኑ ላይ ውኃ ይሆናል፣ ከዚያ ይረጋል፣ ጠዋት ድንኳኑ ሲነካ ውርጩ ፊቱ ላይ ይረግፋል። ላይኛዎቹ ሁለት መተንፈሻዎች ተከፍተው ይደሩ። የከሰል ማንደጃ አስገብቶ መሞቅ ግን ፈጽሞ አይታሰብ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ግጭ በ3,600 ሜትር ላይ የተንጣለለ የጓሳ ሜዳ ነው፣ ጅብራው እዚህም እዚያም ቆሟል። ነፋሱ ከገደሉ ሥር ሽቅብ ይመጣል። ድንኳኑን ለፎቶ ብለው ገደሉ አፍ ላይ የሚተክሉ አሉ፤ እኛ ከጠርዙ ራቅ ብለን ዝቅ ያለ ቦታ መረጥን። ጠባቡ ጎን ወደ ነፋሱ፣ በሩ በተቃራኒው። መጀመሪያ የሚመታው የነፋሱ ጎን ካስማ ነው፣ አለዚያ ሸራው እንደ ሸማ ተነስቶ ይበራል። ከስስ አፈሩ ሥር ድንጋይ ስላለ ካስማው አራት ጣት ያህል ገብቶ ይቆማል። ያኔ በመዶሻ መታገል ማጣመም ብቻ ነው። አውታሩን ትንሽ ድንጋይ ላይ አስረን፣ ትልቁን ድንጋይ ከፊት ለፊቱ አስቀመጥን፤ ትንሹ ሲሳብ ትልቁን ተደግፎ ይቀራል። ገመዱ ስለታም ጠርዝ ላይ ካረፈ ግን እስኪነጋ ተበልቶ ይበጠሳል፣ አሮጌ ካልሲ ጣል ማድረግ ይበቃል። ሲነሱ ድንጋዩን ወደነበረበት መመለስ ነው።

ሌላም አለ፦ ናይለን ሲረጥብ ይለጠጣል። ማታ እንደ ከበሮ የተወጠረው ሽፋን እኩለ ሌሊት ላይ ረግቦ ሲፋተግ ይሰማል። ከመተኛት በፊት አንዴ ማጥበቅ ግድ ነው። ፖሊስተር በዚህ በኩል ይሻላል፣ የደጋውንም ፀሐይ ከናይለን የበለጠ ይችላል፤ በተመሳሳይ ክብደት ግን ቶሎ ይቀደዳል። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ብንባል ለስሜን ፖሊስተሩን እንወስዳለን።

ጨነቅ፣ 3,620 ሜትር፤ ጭላዳው ሜዳው ላይ፣ ዋልያው ገደሉ ላይ። ምግብ ድንኳን ውስጥ ከቀረ አይጥ ወለሉን በልታ ትገባለች። ወደ ቧሂት ተራራ፣ 4,430 ሜትር፣ የወጣነው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው፤ ድንኳኑ ቆሞ ስለሚውል አውታሩን ሁሉ አጥብቀን ዚፑን እስከ ታች ዘጋን።

ለበረዶ የተሠራ ድንኳን ይሁን ወይ የሚል ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ነው። ስሜን ላይ በረዶ የሚጥለው አልፎ አልፎ ነው፣ ጫፎቹን አልብሶ ቶሎ ይጠፋል፤ ለእሱ ሲባል 4 ኪሎ መሸከም ትርፉ ድካም ነው። እውነተኛ በረዶ ወዳለበት አገር ለሚሄድ ግን ነገሩ ይለያል። ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ዘንጉ ሦስትና አራት ቦታ የሚተላለፍ ይፈለጋል፤ የተለመደው ካስማም በረዶ ውስጥ አይይዝም። ከረጢት በበረዶ ሞልቶ፣ አውታሩን ወገቡ ላይ አስሮ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ በአግድም ቀብሮ ረግጦ ግማሽ ሰዓት እስኪጠነክር መተው ነው። በረዶው ሌሊት ሲከመር ከውስጥ እየነኩ ማራገፍ፣ ሥሩንም መጥረግ ያስፈልጋል፤ መተንፈሻው ከተደፈነ አየር ያጥራል።

ጎንደር ስንመለስ ሽፋኑንና ውስጠኛውን ለየብቻ በሆቴሉ ሰገነት ላይ ጥላ ውስጥ አሰጣናቸው። ካስማዎቹን ስንቆጥር ከ42ቱ 41 ነበሩ። አንዷ ግጭ ላይ፣ ትልቁ ድንጋይ ሥር ቀርታ ይሆናል።