ከጋሼ ጋር ቁልፍ የተቀያየርንበት ወር

ልጄ ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበር። ጋሼ፣ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ዕቃ ሊያመላልሱልን ፒክአፓቸውን ይዘው መጡ። ገና ከጋቢናው ሳይወርዱ ልጁ ከበር ላይ ሆኖ «ያ ቆርቆሮ መጣ!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ የልጅ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ ነበር። ያንን ቃል እቤት ውስጥ ስንት ማታ እንደደጋገምኩት የማውቀው እኔ ነኝ። ጋሼ ሰምተዋል። ዝም ብለው ወረዱ፣ የልጁን ጉንጭ ሳሙ፣ ካሶኒውን ከፍተው ዕቃ መጫን ጀመሩ። ያን ቀን ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

በመኪና ስንፎካከር አሥራ አንድ ዓመት ሆኖናል። እሳቸው የአንዱ ብራንድ ሰው ናቸው፣ እኔ የሌላው። የብራንዶቹን ስም እዚህ አልጽፍም። ብጽፈው ቀሪውን ጽሑፍ የአንዱ ባለቤት ለመከላከል፣ የሌላው ደግሞ ለማጥቃት ነው የሚያነበው፤ እኔም ስለ ፒክአፕ የተጻፈውን ሁሉ ለዓመታት ያነበብኩት እንደዚያ ነው። የእሳቸው ሞተር ጠዋት አልነሳም ሲል ሰምቼ ደስ ያለኝ ቀን አለ። የእኔ ጎማ ጭቃ ውስጥ በከንቱ ሲሽከረከር ደግሞ እሳቸው ገመድ ከማውጣታቸው በፊት «በአራቱም ይነዳል ብለህ አልነበር?» ይሉኛል።

አንድ ጊዜ ሁለቱን መኪኖች ጀርባ ለጀርባ በገመድ አስረን ተጓትተናል። እሳቸው አሸነፉ፣ እኔም ለሳምንታት አኮረፍኩ። አሁን ሳስበው የሚያስደነግጠኝ ሽንፈቱ አይደለም። የተወጠረ ገመድ ወይም መንጠቆ ሲበጠስ እንደ ጥይት ነው የሚወረወረው፤ ልጆቹ ደግሞ አሥር እርምጃ እንኳ ሳይርቁ ቆመው ያዩን ነበር። በዚያ ላይ እንዲህ ያለው ጉተታ ስለ ሞተር የሚናገረው ነገር የለም። የሚያሸንፈው የከበደው፣ ጎማው መሬቱን የያዘለትና ቀድሞ የተነሳው ነው።

ከ«ቆርቆሮ» በኋላ ፉክክሩን ልተወው አልፈለግኩም። በማስረጃ ላሸንፍ ነው የፈለግኩት። እናም ማንበብ ጀመርኩ።

በባለቤቶች ፉክክር አሜሪካኖቹን የሚያህል የለም። ፎርድ በሞዴል ቲ ላይ ከፋብሪካ የወጣ ካሶኒ ገጥሞ መሸጥ የጀመረው በ1925 እ.ኤ.አ. ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በዚሁ አቆጣጠር ነው)፤ ኤፍ-ሲሪስ የሚባለው የፒክአፖች መስመር በ1948 ተከተለ። ከዚያ ወዲህ ጎራው ከአባት ወደ ልጅ ሲወረስ ኖሯል፦ የፎርድ ቤት፣ የሸቭሮሌት ቤት፣ የዶጅ ቤት፣ እሱም ዛሬ ራም ተብሎ። ፎርድ ከዚሁ መስመር በሆነው በ2015 ሞዴል ኤፍ-150 ላይ የአረብ ብረቱን አካል በአሉሚኒየም ሲተካ ጦርነቱ ጋለ። በ2016 ሸቭሮሌት ማስታወቂያ አወጣ፤ በሁለቱም መኪኖች ካሶኒ ላይ የኮንክሪት ብሎኬት ከላይ ይራገፋል፣ አሉሚኒየሙ ይበሳል፣ ብረቱ ይጎደጉዳል። የሸቭሮሌት ሰዎች ይህን ለፎርድ ሰዎች ማሳየት አልሰለቻቸውም። በ2019 ሞዴል ግን የራሱ የሸቭሮሌት ሲልቨራዶ በሮች፣ ኮፈንና የኋላ መዝጊያ አሉሚኒየም ሆነው መጡ። የካሶኒው ወለል ብረት እንደሆነ ቀረ። ሁለቱም ፋብሪካዎች የሚታገሉት ከአንድ ነገር ጋር፣ ከክብደት ጋር ነበር።

ካምቢዮው ላይ ስደርስ ደግሞ መጽሔቱን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ፎርድና የሸቭሮሌት ባለቤት የሆነው ጄኔራል ሞተርስ ባለ ዘጠኝና ባለ አሥር ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮዎችን በጋራ ለመሥራት በ2013 ተስማምተዋል። ባለ አሥሩ በ2017 ሞዴል ኤፍ-150 ገባ፣ በ2019 ሞዴል ሲልቨራዶም ገባ። እያንዳንዱ በራሱ ፋብሪካ ይሠራዋል፣ በራሱ ሶፍትዌር ያዝዘዋል፤ ሥሩ ግን አንድ ነው። ከዚያ በኋላ ስፈልግ ማቆሚያ አጣሁ። በ1970ዎቹ ሸቭሮሌት ሉቭ ተብሎ የተሸጠው ትንሽ ፒክአፕ የኢሱዙ ሥራ ነው። ማዝዳ ቢቲ-50 ለዓመታት ከፎርድ ሬንጀር ጋር አንድ መሠረት ሲጋራ ቆይቶ በ2020 ወደ ኢሱዙ ዲ-ማክስ ዞሯል። ሁለተኛው ትውልድ ቮልስዋገን አማሮክ ደቡብ አፍሪካ በሚገኘው የፎርድ ፋብሪካ ከሬንጀር ጋር ይገጣጠማል። የራም ሰዎች የሚምሉበት ትልቁ የናፍታ ሞተርም ከ1989 ሞዴል ጀምሮ ከሚንስ የተባለ ሌላ ኩባንያ የሚሠራው ነው።

ጋሼን የምረታበት ነገር ስፈልግ የያዝኩት ይህንን ነው። እኔና እሳቸው ለአርማ ስንጣላ የአርማዎቹ ባለቤቶች ጠረጴዛ ተጋርተው ይሠሩ ነበር። ይህ ማለት መኪኖቹ አንድ ናቸው ማለት አይደለም። አንድ ዓይነት ካምቢዮ ይዘው እንኳ የሚለያዩ መኪኖች አሉ። ግን ልዩነቱን ከአርማው ላይ ማንበብ እንደማይቻል ገባኝ። መለካት አለበት።

ሄጄ «ጋሼ፣ ለአንድ ወር ቁልፍ እንቀያየር» አልኳቸው።

«ምን አስበህ ነው?»

«እኔ የምለካውን እርስዎም ይለካሉ። ደብተሩ አንድ ይሆናል።»

ጥቂት አሰቡና «ደብተሩ እኔ ዘንድ ነው የሚቀመጠው» አሉ። በዚያ ተስማማን።

የመጀመሪያው ሳምንት ውጤት ከንቱ ነበር፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ነዳጅ የምንለካው በአንድ መንገድ ብቻ ነበር፦ አፉ ድረስ ሞልቶ መነሳት፣ ነድቶ በዚያው ማደያ፣ በዚያው ፓምፕ እንደገና መሙላት፣ የገባውን ሊትር በተነዳው ኪሎ ሜትር ማካፈል። ዳሽቦርዱ የሚለውን አላመንንም። የእኔ መኪና በመቶ ኪሎ ሜትር 1.6 ሊትር ያህል አብልጦ ጠጣ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ጋሼ ራሳቸው ጎንበስ ብለው አዩና «ጎማህ ነዋ!» አሉ። እኔ ለጭቃ ብዬ የገጠምኩት ጥርሱ ትልቅ፣ ቁመቱም ከፋብሪካው የሚበልጥ ጎማ ነው፤ የእሳቸው ግን የአስፋልት ነው። የእኔ ዓይነቱ ጎማ ለመንከባለል ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ ጎማ ሲተልቅ በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ስለሚጨምር ቆጣሪው ከእውነተኛው ያነሰ ኪሎ ሜትር መቁጠሩ ነው። በስልኬ ጂፒኤስ ስናመሳክር መቶ ኪሎ ሜትር ሄጄ ቆጣሪው የያዘው 96 ነው። ለስንት ዓመት ያወራሁት የፍጆታ ቁጥር ሁሉ ስህተት ነበር ማለት ነው።

ከፋብሪካው የመጣውን ጎማ መለስኩ፣ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ በተለጠፈው ምልክት መሠረት የሁለቱንም ንፋስ ጎማዎቹ ሳይሞቁ አስተካከልን፣ እንደገና ጀመርን። አሁን በሁለቱ መኪኖች መካከል የቀረው ልዩነት 0.3 ሊትር ሆነ። ጋሼ ደብተሩን ሲያገላብጡ ግን ሌላ ነገር አዩ። የትኛውም መኪና ይሁን፣ እኔ የነዳሁት እሳቸው ከነዱት ከአንድ ሊትር በላይ ይበልጣል። እሳቸው መንገዱን አርቀው ያያሉ፤ መብራቱ ቀይ ሲሆን ገና ከሩቅ እግራቸውን ያነሳሉ። እኔ እስከ መጨረሻው ነድቼ ፍሬን እይዛለሁ። አሥራ አንድ ዓመት የተከራከርንበት ልዩነት በእግሬና በእግራቸው መካከል ካለው ልዩነት ሲሶ እንኳ አይሞላም።

ሚዛን ላይ መውጣት የእኔ ሐሳብ ነበር፤ «የእኔ አንድ ቶን ይጭናል» እያልኩ ስለኖርኩ ማረጋገጥ ፈለግኩ። ምልክቱ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ጠቅላላ ክብደት 3,050 ኪሎ ግራም ነው። ባዶው ከፋብሪካ ሲወጣ 2,080 ስለሆነ 970 ይቀረኛል ብዬ ነው ቶን የምለው። ሚዛኑ ግን ሰው ሳይኖርበት 2,290 አለ። የገጠምኩት የብረት መከላከያ፣ የካሶኒው ሽፋንና የመሣሪያ ሣጥኑ 210 ኪሎ ወስደዋል። የቀረኝ 760 ነው። አምስት ሰው በአማካይ 75 ኪሎ ብንል 375 ይሄዳል፣ 385 ይቀራል። ተሳቢ ከታሰረ ደግሞ ከተሳቢው ክብደት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ የሚሆነው መንጠቆው ላይ ያርፋል፤ ይህም ከጭነቱ ላይ የሚቀነስ ነው። 2,500 ኪሎ ተሳቢ ከ250 እስከ 375 ኪሎ ይጭንብኛል። ቤተሰቤን ይዤ፣ ተሳቢ አስሬ፣ ካሶኒው ላይ ሲሚንቶ ጭኜ የሄድኩባቸው ቀኖች ትዝ አሉኝ። የሆነ ነገር ቢደርስ ኖሮ ተጠያቂው ብራንዱ አልነበረም።

«ይህን ያህል ይጎትታል» የሚለውም ቁጥር እንዲሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ አምራቾቹ ሁሉ ድሮ በየራሳቸው መንገድ ይለኩ ነበር፤ ኤስኤኢ ጄ2807 የተባለው የጋራ መለኪያ ከመጣ በኋላ ነው ቁጥሮቹ ሊነጻጸሩ የቻሉት። ከፈተናዎቹ አንዱ አሪዞና በሚገኘው የዴቪስ ግድብ ዳገት ላይ አየር ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ተሳቢ እየጎተቱ መውጣት ነው። የቆየ መኪና የያዘ ሰው ብሮሹር ከብሮሹር ጋር ሲያወዳድር ሁለት የተለያዩ ክንዶች የለኩትን ጨርቅ እንደሚያወዳድር ነው።

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ጠቅሞኛል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን በሁለተኛው ሳምንት፣ በሦስተኛው ቀን የሆነው ነው። ጋሼ የእኔን መኪና ሲነዱ ውለው ማታ ደወሉ። «በሰባ ገደማ ስሄድ፣ ነዳጅ ቀለል አድርጌ ስሰጠው፣ እንደ ኮረኮንች ያለ ንዝረት አለ። ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉኝ።

ዝም አልኩ። ከሰባት ወር በፊት ጀምሮ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። መካኒኬ የጋሼም መካኒክ ስለሆነ ለእሱ እንኳ አልነገርኩትም። የእኔ ብራንድ ካምቢዮ ተንቀጠቀጠ ከሚባል ሰባት ወር ሬዲዮ ከፍ አድርጌ መንዳት መርጫለሁ። ይህን ስጽፍ ዛሬም ያሳፍረኛል።

«ሰባት ወር» አልኳቸው በመጨረሻ።

አላሾፉም። «ነገ ጠዋት እናሳየው» ብቻ አሉ። የካምቢዮው ዘይት ጠቁሮ የማረር ሽታ ነበረው። እንዲህ ያለ ንዝረት ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ ዘይቱን በትክክለኛው ዓይነት መቀየር ይበቃዋል፤ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር ውስጥ ያለው መያዣ በተበላሸ ዘይት ምክንያት ሲያንሸራትትና ሲይዝ የሚመጣ ነው። የእኔ አልፎበት ነበር። ዘይቱ ተቀይሮ ንዝረቱ ስላልጠፋ ኮንቨርተሩ መለወጥ ነበረበት።

ጋራዡ በር ላይ ስንጠብቅ ጋሼ ሳልጠይቃቸው «የእኔም የኋላ ዲፈረንሻል ዘይት ያንጠባጥባል» አሉኝ፤ ጉልበቱን ለኋላ ጎማዎቹ የሚያከፋፍለውን ክፍል ማለታቸው ነው። «እናንተ ቤት ከመምጣቴ በፊት በጨርቅ እጠርገዋለሁ፤ ጠብታው እንዳይታይህ።» አሥራ አንድ ዓመት ሁለታችንም ስለ ሌላው መኪና ሁሉን እያወራን፣ ስለ ራሳችን ደግሞ እየደበቅን ነበር። ስለ እኔ መኪና ከእኔ ይልቅ በጥንቃቄ የሚያዳምጥ ሰው ነበረኝ፤ ጉድለት የሚፈልግ ጆሮ የተባለውን ሁሉ ይሰማል። ያንን ጆሮ ልጠቀምበት ስችል በሬዲዮ ሸፈንኩበት።

እንደገና ብጀምረው ቅደም ተከተሉን እለውጠው ነበር። መጀመሪያ ሚዛን፣ ቀጥሎ ጎማና ንፋስ፣ ከዚያ ነው ነዳጅ። ጎትቶ መፎካከርን በሩቁ እላለሁ። ወሩም አጭር ነው፤ መኪና ጠባዩን የሚያሳየው በዝናብም በፀሐይም ሲነዳ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የሌላ ብራንድ ባለቤት የሆነ፣ ሊያሸንፈኝ የሚፈልግ ሰው መኪናዬን እንዲነዳልኝ በዓመት አንድ ሳምንት እሰጠዋለሁ። ወዳጅ «ደህና ነው» ይላል። ተፎካካሪ የሰማውን ይነግርሃል።

ፉክክሩ አልቆመም። ጋሼ አሁንም የእሳቸው መኪና ወንበር እንደሚሻል ይናገራሉ፤ በዚህ ትክክል ናቸው። የእኔ በጭነት ቁልቁለት ሲወርድ ይበልጥ ይረጋጋል፤ ይህንንም እሳቸው በእጃቸው ደብተሩ ላይ ጽፈዋል። ዲፈረንሻላቸውን አብረን ፈትተን የዘይት መያዣ ጎማውን ቀየርን።

ደብተሩ አሁን ልጄ ዘንድ ነው። የንፋስ መለኪያ ገዝቼለት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ጎማዎቹ ሳይሞቁ የስምንቱንም ንፋስ ይለካል። ያለፈው ቅዳሜ እየሮጠ ገብቶ ስልኬን ጠየቀኝና ደወለ። «አጎቴ፣ የኋላ ቀኙ 29 ነው፤ ሳይሞሉ እንዳይሄዱ» ሲላቸው ሰማሁት።