ከጆርጂያ እስከ ታሌኳ፦ አማቴ ያልተነገራቸው የዘር ሐረግ

እኛ ዘንድ ልጅ ከመዳሩ በፊት ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። የባለቤቴ ወገኖች ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው፤ ቆጠራቸው አራተኛው ቤት ሳይደርስ ይቆማል። አንዱ ምክንያት ባርነት ነው፤ ሌላው የአማቴ እናት ዝምታ። «እኛ የካንሳስ ሲቲ ሰዎች ነን» ይሉ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ለሚጠይቅ ልጅ መልስ አልነበራቸውም። ካረፉ በኋላ ዕቃቸው ሲደለደል ከሻንጣቸው ሥር የመሬት ሰነድ ወጣ። ኦክላሆማ እ.ኤ.አ. በ1907 የአሜሪካ ግዛት ከመሆኗ በፊት የተሰጠ፣ ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች አንዱ የሆነው የቼሮኪ ብሔር ስም የታተመበት ወረቀት ነው። ባለመሬቷ የአማቴ አያት ናቸው፤ ያኔ ገና ልጅ ነበሩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሰነዱ ላይ ያለው ቁጥር ወደ ዶውስ ኮሚሽን መዝገብ መራን። ኮሚሽኑ የቼሮኪን የጋራ መሬት ለየግለሰቡ ለመሸንሸን ሕዝቡን የመዘገበ የፌዴራል መንግሥት አካል ነው። ቅጂው በኮምፒውተር ላይ ሲከፈት አማቴ ወንበራቸውን አስጠግተው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። መጀመሪያ የአንዲት እናት ስም፣ ዕድሜዋ 40። ከሥሯ የስድስት ዓመት ልጅ፤ እሷ አያታቸው ናት። «በደም» ቼሮኪ ናቸው ለተባሉት በተዘጋጀው ካርድ ላይ የደም መጠን የሚሞላበት ዓምድ አለ። ይህ ካርድ ግን ነፃ ለወጡ ባሮች የተዘጋጀ ስለሆነ የሚጠይቀው የማን ባሪያ እንደነበረች ነው። እዚያ ላይ በቀጭን የእጅ ጽሕፈት የአንድ ቼሮኪ ባለጸጋ ስም ሰፍሯል።

አማቴ «ሄጄ ማየት አለብኝ» አሉ። ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ እሳቸው፣ ባለቤቴና እኔ ከአትላንታ በመኪና ተነሣን።

መጀመሪያ ያረፍነው እዚያው ጆርጂያ ግዛት ውስጥ፣ ካልሁን ከተማ አጠገብ ባለችው ኒው ኢቾታ ነው። በ1825 የቼሮኪ ብሔር መዲና የሆነችው ከተማ ዛሬ ሰፊ መስክ ናት። ከጥንቶቹ ቤቶች በቦታው የቀረው የሚስዮናዊው የሳሙኤል ዎርስተር ቤት ነው፤ ምክር ቤቱና ማተሚያ ቤቱ እንደገና የተሠሩ ናቸው። እኔ ከማተሚያ ቤቱ መውጣት አቃተኝ። ሴኮያ የተባለው ሰው በየትኛውም ቋንቋ ማንበብ ሳይችል ተነሥቶ፣ በ1821 ገደማ ለሕዝቡ የራሱ ፊደል ቀረጸለት። ተነባቢውን ወደ ታች፣ አናባቢውን ወደ ጎን ደርድሮ ላየው የቼሮኪ ፊደል እንደ ሀሁ ገበታ ነው። በየካቲት 1828 «ቼሮኪ ፊኒክስ» የተባለው ጋዜጣ በዚህ ፊደልና በእንግሊዝኛ እዚህ መታተም ጀመረ። በፊደሉ ለሚኮራ ሕዝብ ልጅ ይህን ቆሞ ማየት ቀላል ነገር አይደለም፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ይሁን እንጂ በዚያው ስፍራ በ1827 የወጣው ሕገ መንግሥትም አለ። ቼሮኪ ወንዶች ከነፃ ሴቶች የወለዷቸው ልጆች ሙሉ መብት እንዳላቸው ይደነግግና ከአፍሪካ ዘር የሆኑትን እናቶች ነጥሎ ያስወጣል። አማቴ ይህን ሲሰሙ ብዙ አልተናገሩም። «እንግዲህ እኛን ያወቁን ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው» ብለው ወደ መኪናው አቀኑ።

ቻትስዎርዝ ያለው የቫን ቤተሰብ ቤት ይህንኑ በጡብ ይናገራል። በ1804 የተሠራ፣ ባለ ፎቅ፣ ያማረ ቤት ነው፤ ባለቤቶቹ ከመቶ በላይ ባሮች ነበሯቸው። ደረጃውን ስወጣ የማስበው ቤቱን ስለጠረጉት እጆች ነበር። በ1835 በተደረገው ቆጠራ በምሥራቁ የቼሮኪ ምድር 1,592 ባሮች ተመዝግበዋል።

ከዚያ በኋላ በቼሮኪዎች ላይ የደረሰውን ግፍ ብዙ ሰው ያውቀዋል። በሰሜን ጆርጂያ ወርቅ ተገኘ፤ በ1832 መሬታቸው ለነጮች በዕጣ ተከፋፈለ። በ1835 መጨረሻ ጥቂት ሰዎች፣ ዋናው አለቃ ጆን ሮስ ሳይስማሙ፣ ምድሩን አሳልፈው የሚሰጥ ውል ፈረሙ። በ1838 ወታደሮች ሕዝቡን ከየቤቱ አውጥተው ዛሬ ኦክላሆማ ወደምትባለው ምድር ነዱት። ከ16 ሺህ ያህል ሰዎች 4 ሺህ ያህሉ እንዳለቁ ይገመታል። ባሮቹም አብረው ተጉዘዋል፤ እንጨት እየፈለጡ፣ እያበሰሉ፣ ሙታን እየቀበሩ። የእንባ መንገድ የሚባለው ታሪክ ሲነገር እነዚህ ሰዎች መዘለላቸው ያናድደኛል። ቼሮኪዎች ተበድለዋል ማለትና በድለዋል ማለት አንዱ ሌላውን አይሽርም፤ የአማቴ ቤተሰብ ሁለቱንም በአንድ ደም ተሸክሟል።

ቴነሲንና አርካንሳን በሩጫ አልፈን ታሌኳ ገባን። በኦክላሆማ የምትገኝ የቼሮኪ ብሔር መዲና ናት። የመንገድ ስሞቹ በሁለቱም ፊደላት ተጽፈዋል፤ መሐል ከተማ በ1869 የተሠራው የቀድሞው የብሔሩ ዋና ሕንጻ አሁን ሙዚየም ሆኗል። «ኦሲዮ» እያሉ ሰላም ይሉናል።

የቼሮኪ ብሔር የራሱ መንግሥትና ዜግነት አለው፤ የዜግነቱን ጉዳይ የሚያዩት ሠራተኛ ጨዋ ሰው ናቸው። ባለቤቴ የምራቅ (የዲኤንኤ) ምርመራ ውጤቱን በስልኩ ሲያሳያቸው በትሕትና መለሱለት፤ ምርመራው የየትኛው ሕዝብ ልጅ እንደሆነ አይነግረውም። የሚያስፈልገው በዶውስ መዝገብ ላይ ካለው ስም ጀምሮ ልጅን ከወላጅ የሚያያይዝ የልደትና የሞት ምስክር ወረቀት ነው። በደም መዝገብና በነፃ የወጡት መዝገብ መካከልም ዛሬ ልዩነት የለም። እዚህ ለመድረስ ግን ብዙ ተለፍቷል። ብሔሩ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የፈረመው የ1866ቱ ውል ለነፃ የወጡትና ለልጆቻቸው የቼሮኪን መብት ሁሉ ሰጥቶ ነበር። በ2007 ብሔሩ በሕዝበ ውሳኔ ሊያስወጣቸው ወሰነ፤ በ2017 የፌዴራል ፍርድ ቤት ለእነርሱ ፈረደ። በ2021 የብሔሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «በደም» የሚሉትን ቃላት ከሕገ መንግሥቱ አስወጣ።

በዚያ ምሽት አማቴ ቤት ሳሉ አላነብም ብለው የነበረውን የምስክርነት ቃል ሆቴል ውስጥ አወጡት። የኮሚሽኑ ሰዎች ቅድመ አያታቸውን የጠየቁበት፣ በጽሕፈት መኪና የተገለበጠ ገጽ ነው። አብዛኛው ጥያቄ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ መቼ እንደተመለሱ ነው፤ ምክንያቱም ውሉ የሰጠው ጊዜ ስድስት ወር ብቻ ነበር። ሴትዮዋ በልጅነቷ ጌታቸው ወደ ቴክሳስ እንደወሰዳቸው፣ በ1866 መከር በጋሪ እንደተመለሱ፣ ወንዙን ሲሻገሩ በቅሎ እንደሞተባቸው ትናገራለች። ከዚያ ሳትጠየቅ «አባቴ ቼሮኪ ነው» ትላለች። ቀጣዩ ጥያቄ ስንት ልጆች እንዳሏት ነው። አማቴ ያንን መስመር ደጋግመው ካነበቡ በኋላ ወረቀቱን ለልጃቸው አቀበሉት፤ «ነገረቻቸው እኮ፤ ነግራቸዋለች» አሉ። ዝምታው የጀመረው ከእሷ እንዳልሆነ ሦስታችንም ገባን።

በማግስቱ መሬቱን ፈልገን ፎርት ጊብሰን አካባቢ ደረስን። ዛሬ የሌላ ሰው ግጦሽ ነው። በ1908 የወጣው ሕግ ነፃ የወጡት መሬታቸውን እንዳይሸጡ የሚከለክለውን ገደብ ስላነሣ፣ ገዢዎችና አጭበርባሪዎች እንደ ጎርፍ መጡ፤ ብዙ ቤተሰብ ባዶ እጁን ቀረ። የአማቴ አያትም ወደ ካንሳስ ሲቲ የሄዱት ያኔ ሳይሆን አይቀርም። መሬትን አጥቶ ልጅን ከዚያ ጋር ከሚመጣው ኀፍረት ለማዳን ዝም ማለት ይገባኛል፤ የሀገሬም ገበሬ ያውቀዋል።

ባለቤቴ በመመለሻው መንገድ ላይ ባሪያ አድርጎ የገዛንን ሕዝብ ዜግነት መጠየቅ ለምን አስፈለገ ብሎ እናቱን ተከራከረ። እሳቸው ውሉ የቅድመ አያታቸው እንደሆነ፣ ማንም በችሮታ የሚሰጣቸው ነገር እንዳልሆነ አስረዱት፤ አልተስማሙም። እኔን ግን ብዕር አስይዘው የሚጎድሉትን ወረቀቶች ያስጽፉኝ ጀመር፦ የእናታቸው የልደት ምስክር ወረቀት ካንሳስ ሲቲ ካለችበት ከሚዙሪ፣ የአያታቸው የሞት ምስክር ወረቀት፣ የራሳቸው የጋብቻ ሰነድ። አርካንሳ ሳንደርስ ታናሽ ወንድማቸው ጋ ደውለው የእሱንም እንዲያፈላልግ አዘዙት።